ከታች ያለችው ቀዳዳ

የፊት ሴረም የሚገዛ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው የጠርሙሱ ወርቃማ አንገት ላይ ነው። እኔ ገልብጬ ቂጡን አያለሁ። አየር አልባ የሚባለው ፓምፕ ከሆነ ብዙውን ጊዜ መሀል ላይ መርፌ የወጋት የምትመስል ቀዳዳ አለች። ራሱን ስንጫን ፈሳሹ ይወጣል፤ ውስጥ ያለው ፒስተን የጎደለውን ሊሞላ ሽቅብ ይሳባል፤ በቀዳዳዋ የገባው አየርም ከፒስተኑ ሥር ይቀራል እንጂ ሴረሙን አያገኘውም። ቀዳዳዋን ደፍኖ ደጋግሞ መጫን ነው፤ ፒስተኑ ይቆማል፣ ፓምፑም መትፋቱን ይተዋል።

ተራው የሎሽን ፓምፕ በወጣው ልክ የውጭ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ጃካርታ ወይም ሲንጋፖር፣ ወይም በነሐሴ ወበቅ ዱባይ፣ እንፋሎት ከማይለየው መታጠቢያ ቤት የሚሳበው አየር ሻጋታና ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል። ቫይታሚን ሲ ያለበት ሴረም ደግሞ ኦክስጅን ሲያገኘው ቡናማ ይሆናል።

ሙያው የሚለየው ታች ነው። የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች በ2003 እ.ኤ.አ. የተስማሙበት የመዋቢያ መመሪያም ሆነ የአውሮፓው ሕግ ቁጥር 1223/2009 የባች (የምርት ዙር) ቁጥር እንዲጻፍ ያዛሉ፤ ፋብሪካው ደግሞ ቁጥሩን ቂጡ ላይ ማተም ይወዳል። ተለጣፊ ወረቀት ቀዳዳዋ ላይ ካረፈ ሕጉ ተከበረ፣ ፓምፑ ሞተ። አሁን በእጄ ያለውን የሠራው ሰው ይህን አስቦበታል፦ ቁጥሩ ከቀዳዳዋ ወዲያ በሌዘር ተቀርጿል። እርጥብ እጅ ቢያሸው አይለቅም፤ ፖሊፕሮፒሊን በሚባለው ፕላስቲክ ላይ ያለ ዝግጅት የታተመ ቀለም ግን ቶሎ ይፋቃል። የእግሩ ጠርዝ ሦስት ቦታ ጎደል ብሏል፤ እርጥብ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ውሃው በዚያ ያልፋል፣ ቀዳዳዋም ትተነፍሳለች።

የፓምፑ ሞላም ከሴረሙ መንገድ ውጭ ተቀምጧል። የማይዝግ የሚባለው ብረት እንኳ አሲድነት ካለው ፈሳሽ ጋር ወራት እንዲከርም ባይደረግ ይሻላል። ሞላውን ጭምር ከፕላስቲክ የሚሠሩም አሉ፤ ብረት ስለሌለበት መልሶ ለማቅለጥ ይቀላል።

ሲዳስሱት እንደ ከፋይ የሚለሰልሰውን ቅብ ግን ለወበቅ አገር አልመርጥም። የፖሊዩሬቴን ቅብ ከሆነ እርጥበቱ ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል፤ ከጊዜ በኋላ ጣት ላይ መጣበቅ ይጀምራል። ሻጮች በጣም የሚወዱት ደግሞ እሱኑ ነው።