ደሙ ሲረጋ፣ ጨጓራው ሲደማ

የፓሪሱ ሐኪም አርማን ትሩሶ፣ ያለ ግልጽ ምክንያት ደም ሥሩ ውስጥ ደም የረጋበት ሰው ሲያጋጥማቸው ካንሰር እንዲጠረጥሩ እ.ኤ.አ. በ1865 ተማሪዎቹን አስተማረ። ብዙም ሳይቆይ ምልክቱን በራሱ ገላ ላይ አየው። በ1867 የሞተውም በጨጓራ ካንሰር ነው።

ዕጢው ደም የሚያረጋ ፕሮቲን ያመነጫል፤ ኬሞውና አልጋ ላይ መዋሉ ደግሞ ይጨምሩበታል። የካንሰር ሕሙማን ደም የመርጋት ስጋትን በሚገምተው፣ በ2008 በወጣው የኮራና መመዘኛ ከፍተኛውን 2 ነጥብ የሚያሰጡት የጨጓራና የቆሽት ካንሰር ናቸው። ጣጣው ግን ይህ ብቻ አይደለም። ያልወጣ ዕጢ ራሱ ቁስል ስለሆነ፣ እግር ላይ የረጋው ደም እንዳያድግ የሚሰጠው መድኃኒት ጨጓራውን ሊያደማው ይችላል።

ስለዚህ ልምድ ያለው ሐኪም የሁለቱን ባቶች ውፍረት በሜትር ለክቶ፣ በአልትራሳውንድ አረጋግጦ እንኳ ቶሎ ማዘዣ አይጽፍም። «ሰገራዎ ሬንጅ መስሎ ጠቁሮ ያውቃል?» ይላል። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ እንደሆነ፣ ኩላሊቱ እንዴት እንደሆነ፣ ክብደቱ ስንት እንደደረሰ ያጣራል። ደም እንዲረጋ የሚያግዘው ፕሌትሌት በማይክሮሊትር ከ50,000 በታች ከሆነ የመድኃኒቱን መጠን እንደገና ያስብበታል።

ከዚያ የፀረ-መርጋት መድኃኒቱ ምርጫ ይመጣል። ዋርፋሪን የሚባለው የቆየ ክኒን ርካሽ ነው፤ ግን ምግብ ለማይበላና ለሚያስመልሰው ሰው ልኩን መጠበቅ ያስቸግራል። በ2003 በታተመ የ676 ሕሙማን ጥናት በስድስት ወር ውስጥ ደም ዳግም የረጋባቸው ዋርፋሪንና መሰሉን ከወሰዱት 17 በመቶ፣ የዳልቴፓሪን መርፌ ከተወጉት 9 በመቶ ነበሩ። እንደ ኤዶክሳባንና ሪቫሮክሳባን ያሉት አዳዲስ ክኒኖች ከመርፌ ያሳርፋሉ። ሆኖም በ2018 ኤዶክሳባን በተፈተሸበት ጥናት ከባድ መድማት የበዛው በተለይ የምግብ መፍጫ አካላት ካንሰር ባለባቸው ላይ ነው። ሪቫሮክሳባን ደግሞ በሙሉ መጠኑ ከምግብ ጋር የሚወሰድ፣ ጨጓራው ለተቆረጠ ሰው በደንብ ላይሰርግ የሚችል ነው። ዕጢው ገና ጨጓራው ውስጥ ላለ ሰው ብዙ ሐኪሞች መርፌውን የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ውሳኔው አንድ ቀን ተወስኖ አያበቃም። ሄሞግሎቢን ሲወርድ መድኃኒቱ ይቆማል፣ ኢንዶስኮፒ ይታዘዛል፤ አንዳንዴም የሚደማውን ዕጢ በጨረር ያደርቁታል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት መርፌው ከማስታገስ ይልቅ ማሰቃየት ከሆነ፣ ከሕመምተኛውና ከቤተሰቡ ጋር ተመካክሮ መተው የሙያው አካል ነው።

የሚያስታምም ቤተሰብ ሦስት ነገር ያስተውል፦ የአንድ እግር ብቻ ማበጥ፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የሰገራ መጥቆር። አንዱ ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ፤ መድኃኒቱን በራሱ አያቁም፣ መጠኑንም አይጨምር።