ማዕዱ ላይ የቀሩት
ባካራህ የሄድኩት የሃይንሪክ ሃይነን «የባካራህ ረቢ» በስልኬ እያነበብኩ ነው። ራይን ወንዝ ዳር ያለች፣ ወይን የከበባት ሚጢጢ ከተማ። ሁሉም የሪስሊንግ ብርጭቆ ይዞ ፎቶ ይነሳል (እኔም ተነስቻለሁ፣ አልዋሽም)። ከጀርባ የሚታየው ጣሪያ አልባ ጸሎት ቤት ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1287 ሞቶ ከተገኘው ቬርነር ከሚባል ልጅ ነው። አይሁዶች ገደሉት ተብሎ በተነዛው ውሸት ብዙ አይሁዶች ተጨፍጭፈዋል።

በ1840 የታተመው የሃይነ ታሪክም ይህን ያነሳል። በአይሁድ ፋሲካ ማታ ሁለት እንግዶች የሕፃን ሬሳ ከጠረጴዛ ስር ይደብቃሉ። ረቢ አብርሃም ያይና ሚስቱን ሳራን ብቻ ይዞ በጀልባ ያመልጣል። ዘመዶቹስ? የሚፈለገው እሱ ብቻ እንደሆነ ይነግራታል። ፍራንክፈርት ምኩራብ ውስጥ ግን ባሏ የሙታንን ጸሎት ሲያደርስ የዘመዶቿን ስም ትሰማለች፤ ራሷን ስታ ትወድቃለች። ሃይነ አይፈርድበትም፣ ነፃም አያወጣውም። ለእኔ የመጽሐፉ ጉልበት እዚህ ጋ ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ ወደ ቀልድና ወደ ምግብ ይዞርና ሳያልቅ ይቆማል። ኮድ ጸሐፊ ስለሆንኩ ያላለቀ ነገር ያናድደኛል። ይሄኛውን ግን ፍርስራሹ ስር ቁጭ ብዬ ደገምኩት፤ በሁለተኛው ንባብ ጀልባዋን ትቼ ማዕዱ ላይ የቀሩትን ነበር የምፈልገው።