መንገድ በግብሩ ይሰየም

በመንገድ መረብ ዕቅድ ሥራ ላይ ገና የተሰማራ አንድ ወጣት መሐንዲስ በቅርቡ የትራፊክ ቆጠራውን መዝገብ ገልጦ፣ «ጋሼ፣ በዚህኛው መንገድ የሚያልፈው መኪና ከዓመት ዓመት እየበዛ ሲሄድ ደረጃውን ለምን አናሳድግለትም? ያኛውስ ባዶውን እየዋለ አገናኝ መንገድ መባሉ ስለ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በሙያው የሸበቱ ሰዎችም የመንገድን ማዕርግ ከስፋቱ፣ ከአስፋልቱና ከቆጠራው ሲያወጡ እሰማለሁና፣ መልሴን ለእርሱ ብቻ ነግሬ ዝም ማለትን አልወደድሁም።

ቆጠራ ስንት መኪና እንዳለፈ ይነግረናል፤ መንገደኛው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ሄደ ግን አይነግረንም። ዋና፣ አገናኝ፣ ዋና መዳረሻ፣ ሰብሳቢና መጋቢ እያልን የምንከፍልበት የአገራችን ሥርዓት የቆመው በዚህ በሁለተኛው ነገር ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስከ ድንበር የሚዘልቀው መንገድ አንደኛ ደረጃ የተባለው መኪና ስለ በዛበት ሳይሆን ርእሰ ከተማውን ከአገሪቱ በር ጋር ስለሚያያይዝ ነው፤ የገጠሩን ገበያ ከበላዩ ካለው መንገድ የሚያደርሰውም መጋቢ የተባለው ስለ ጠበበ አይደለም። ዲያቆን ድምፁ ስላማረና ምእመናን ስለ ወደዱት ብቻ የቄሱን ግብር እንደማይፈጽም ሁሉ፣ የመንገድም ማዕርግ ለተሾመበት አገልግሎት የተሰጠ ነው። የአስፋልቱን ውፍረትና የመንገዱን ስፋት ለመወሰን ቆጠራ ግድ መሆኑን ማንም አይክድም፤ እኔ የምሟገተው ቆጠራ በዲዛይን ሥራ ቦታው እንዲጸና፣ ማዕርግ ሰጪ ሆኖ ግን እንዳይሾም ነው።

ቆጠራን ዳኛ ማድረግ በድኻው መንገድ ላይ ፍርድ ማጓደል ነውና። በክረምት ጭቃው መኪና የማያስደፍረው መንገድ በቆጠራ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ስለ ሆነ ደረጃው ዝቅ ይላል፤ ደረጃው ዝቅ ስላለ የጥገና በጀት ይነፈጋል፤ በጀት ስለ ተነፈገ በሚመጣው ክረምት ጭቃው ይብስበታል። በገበያ ቀን ከእንዲህ ያለ መንገድ ዳር ቆሜ የቆጣሪውን ሥራ ተመልክቻለሁ፤ ጤፍ የተጫኑ አህዮች፣ ድንች ያዘሉ ሴቶች፣ በሽተኛ በቃሬዛ የተሸከሙ ጎረምሶች በፊቱ ሲተላለፉ፣ እርሱ እርሳሱን በጆሮው ሰክቶ የጭነት መኪና ይጠባበቅ ነበር፤ የያዘው ቅጽ ለእነዚያ ሁሉ ዓምድ አላበጀላቸውም።

ከዚህም የሚከፋው በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ተቃራኒ ግብር መጫን ነው፤ አንደኛው ሩቅ ሀገር የሚሄደውን ሳያስቆሙ ማሳለፍ፣ ሁለተኛው የአካባቢውን ሰው ከየደጁ ማድረስ ነው። ሁለት ያባረረ አንድ አይዝም። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው በቀድሞው መንገድ ላይ፣ ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭኖ የመጣው ተሳቢ በሞጆ፣ በቢሾፍቱና በዱከም መካከል ሲያልፍ፣ ፊት ለፊቱ ባጃጅ ይታጠፍበት፣ ጋሪ ይሻገርበት፣ ታክሲ ተሳፋሪ ያወርድበት ነበር፤ ሾፌሩም፣ ባለ ጋሪውም በየበኩላቸው እውነት ነበራቸው። በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የፍጥነት መንገድ አላፊውን ለይቶ ስለ ወሰደ፣ አሮጌው መንገድ የከተሞቹ መንገድ ለመሆን ዕድል አገኘ። የአዲስ አበባው ቀለበት መንገድ ግን ሰፈርን ከሰፈር ለይቶ በመካከላቸው የሲሚንቶ አጥር ስላቆመ፣ የእግረኛ ድልድዩ የራቀበት ሰው አጥሩን ይዘላል። ዘላዩን ሥርዓት የለሽ ብለው የሚወቅሱ አሉ፤ እኔ የምወቅሰው፣ መንገዱ አላፊውን ሲያሳልፍ ባለ ደጁ በየት እንዲሻገር አስቀድሞ ያልወሰነውን ዕቅድ ነው። ሆላንዶች ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምረው መንገዶቻቸውን ከሦስት ግብሮች ለአንዱ ብቻ የመደቡት የመንገድ ላይ ሞትን ለመቀነስ ብለው ነበር። ስለዚህ አላፊ እንዲያሳልፍ በተሠራ መንገድ ዳር የመጀመሪያዋ ሱቅ በር ስትከፍት ዝም የሚል መሥሪያ ቤት፣ ነገ ማደያው፣ ከነገ ወዲያም ከተማው በተከተለ ጊዜ ሌላ አሳላፊ መንገድ ለመሥራት እንደሚገደድ ይወቅ።

ይህ ሙያ ለእኔ ከእንጀራነቱ ያለፈ ትምህርት ሆኖኛል። በአገራችን መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ «ከየት መጡ? ወዴት ይሄዳሉ?» ይባባላል፤ እኛ የመነሻና የመድረሻ ጥናት የምንለው ይህንኑ ነው። ይህን ስጠይቅ ኖሬ፣ ማን ለሕክምና፣ ማን ለሙግት፣ ማን ለንግሥ፣ ማን ዘመድ ለማልቀስ እንደሚጓዝ ከመንገደኞች አፍ ሰምቻለሁ፤ አገሬንም ከማንኛውም ካርታ ይልቅ ያወቅኋት በዚህ ነው። ታናሹ መጋቢ ታላቁን ዋና መንገድ የሚያክል ክብር በልቤ ያገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የበሽተኛው ጉዞ የሚጀምረው ከእርሱ ላይ ነውና።

ለወጣቱ መሐንዲስ የሰጠሁት መልስም ይኸው ነው፦ የቆጠራውን መዝገብ ከመግለጥህ በፊት ወደ መንገዱ ሄደህ የሚጓዙበትን ሰዎች ጠይቃቸው፤ ማንን ከምን እንደሚያገናኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ያልቻልህለትን መንገድ ደረጃውን ከፍም ዝቅም ለማድረግ አትፈርም።