ፎገራን በክረምት ማየት

በጥር ወር ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፍ መንገደኛ ፎገራ ላይ የሚያየው ደረቅ ሜዳ ነው። ጉማራን ይሻገራል፣ ወረታ ላይ ሻይ ይጠጣል፣ ከዚያ ርብን ተሻግሮ ወደ አዲስ ዘመን ያቀናል። ሩዙ ታጭዶ ገብቷል፤ በወንዞቹ ዳር የውኃ ሞተሮች ሽንኩርት ያጠጣሉ፤ ዋልካው እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል። ለመንገድ፣ ለመስኖ ወይም ለትምህርት ቤት ጥናት የሚመጣው መሐንዲስም የሚያየው ይህንኑ ነው። የቅየሳ መሣሪያውን፣ ቶታል ስቴሽኑን፣ ተክሎ ነጥቡን ይሰበስባል፣ ፎቶ ያነሣል፣ የአፈር ናሙና ይዞ ይመለሳል። በአማካሪ መሐንዲስነት ብዙ ዘመን ኖሬአለሁና ደፍሬ ልናገር፦ ፎገራን በበጋ ብቻ ያየ መሐንዲስ ፎገራን አላየውም።

ይህ የሚሆነው ባለሙያው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በጀቱ ተደልድሎ፣ ጨረታው ወጥቶና ተገምግሞ ውል እስኪፈረም ጥቅምት ወይም ኅዳር ይደርሳል። በዚያን ጊዜ ውኃው ሸሽቷል። የመጨረሻው ሪፖርት ደግሞ በጀቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት መግባት አለበት፤ ማለትም ዝናቡ ጠንከር ማለት ሲጀምር። ጥናቱ እንዲህ ሆኖ ከጎርፉ ጋር ሳይተያይ ያልቃል። ዲዛይኑ ጎርፉን የሚያገኘው ከተገነባ በኋላ ነው።

ሜዳው በክረምት ለምን ሌላ አገር እንደሚሆን ማስረዳት ይገባል። ርብም ጉማራም የሚነሡት ከጉና ተራራ ነው። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ ጣና 1,786 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ወንዞቹ ያን ሁሉ ቁልቁለት ሲንደረደሩ ወርደው ፎገራ ላይ መሬቱ ድንገት ዝርግ ይሆንባቸዋል። ጉልበታቸው ሲዳከም ከፋርጣና ከእብናት ጠርገው ያመጡትን አፈር እዚያው ያራግፋሉ። ደለሉ የወንዙን አልጋ ከፍ ያደርገዋል፤ አልጋው ከፍ ባለ ቁጥር ወንዙ በትንሽ ዝናብ ጢም ይልና ከዳር ይወጣል። የሜዳው ዝናብም አለ፤ ዋልካ አንዴ ከጠገበ ውኃ ስለማያሰርግ የዘነበው እዚያው ይተኛል። ከታች ደግሞ ጣና በክረምቱ መጨረሻ ሲሞላ ወንዞቹን አፋቸው ላይ ይገታቸዋል። የሐይቁ ከፍታ ራሱ በ1988 ዓ.ም. ጨረጨራ በተባለ ቦታ ከተሠራው የውኃ መቆጣጠሪያ ወዲህ በከፊል የሰው እጅ ያለበት ነገር ሆኗል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ያፈናቀለው ጎርፍ የእነዚህ ውኃዎች መገናኘት ምን ሊያደርስ እንደሚችል ያሳየ ነው።

ከዚያ ወዲህ ርብ ላይ 73 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ግድብ ተሠርቷል። ትልቅ ሥራ ነው፣ የላይኛውን ውኃ ይይዛል። ነገር ግን ከግድቡ በታች የሚገባውን ገባር፣ የጉማራን ሙላትና የሐይቁን ግፊት አይዝም። ግድቡ አለና የጎርፍ ነገር አበቃ ብሎ ዲዛይን የሚያደርግ ሰው ካለ ስሌቱን ደግሞ ይየው።

ደግሞም ውኃን እንደ ጠላት ብቻ የሚያይ መሐንዲስ ፎገራን ይጎዳል። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግና በምትባል መንደር ሩዝ ከሞከሩ ወዲህ ያ የከብት ግጦሽ የነበረው ረግረግ የአካባቢው ሀብት ሆኗል። ኤክስ ጅግና የሚባለው የሩዝ ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚያችው መንደር ነው። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የተተከለው ወረታ ነው። ሩዙ ውኃውን ይፈልጋል፤ የሚፈልገው ግን በልኩና በጊዜው ነው። ከሩዙ ቀጥሎ በቀረው እርጥበት የሚዘራው ጓያና ሽንብራ ደግሞ ውኃው በወቅቱ እንዲሸሽለት ይፈልጋል።

አንድ ነሐሴ ላይ ወደ ናበጋ አቅጣጫ ባለ የገጠር መንገድ ላይ ቆሜ ነበር። መንገዱ በአፈር ሙሌት ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ከሥሩ የተቀበሩት ቱቦዎች ካርታው ላይ ጅረት በተሰመረበት ቦታ ብቻ ናቸው። ሜዳው ላይ ግን ውኃ በጅረት ተወስኖ አይሄድም፤ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ነው የሚመጣው። ከመንገዱ በላይ ያለው ውኃ ከበታቹ ካለው ከፍ ብሎ ቆሟል። መለኪያ በትሩን፣ ስታፉን፣ በሁለቱም በኩል ስናቆመው ልዩነቱ ክንድ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። መንገዱ ሳይታሰብ ግድብ ሆኗል። በአጠገቡ ጎተራቸውን በድንጋይ ላይ ከፍ አድርገው የሠሩ አንድ አዛውንት ነበሩ።

«አባቴ፣ ውኃው እዚህ ስንት ጊዜ ይቆያል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ድሮ ለቡሄ የገባው ውኃ ለእንቁጣጣሽ አይደርስም ነበር። መንገዱ ከመጣ ወዲህ መስቀልን እየተሻገረ ነው። ሽንብራውን መቼ ልዝራ?»

ይህ መልስ ጥሩ መረጃ ነው። የድሬኔጅ ማኑዋሎቻችን አጥብቀው የሚጠይቁን ከፍተኛውን ፍሰት ነው፤ የ25 ዓመት፣ የ50 ዓመት፣ የ100 ዓመት ጎርፍ በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ ነው ይላሉ። ገበሬው የሚጠይቀው ውኃው ስንት ቀን እንደሚተኛ ነው። ተዳፋት አገር ላይ ሁለቱ ጥያቄዎች ብዙም አይራራቁም። ዝርግ ሜዳ ላይ ግን ቱቦው የፍሰቱን ስሌት አልፎም ሽንብራውን ሊያስቀር ይችላል። የቀኖቹን ብዛት የሚያውቀው ሰው ያለው እዚያው መንደሩ ውስጥ ነው፤ የሚቆጥርበትም መቁጠሪያ ቡሄ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል ነው። አማካሪው ያንን ወደ ቀን ለውጦ ስሌቱ ውስጥ ማስገባት አለበት።

መፍትሔው የተሰወረ አይደለም። ቱቦ መጨመር፣ ካልሆነም መንገዱን በተመረጠ ቦታ ዝቅ አድርጎ በኮንክሪት በማንጠፍ ሙላቱ በላዩ እንዲያልፍ መፍቀድ ነው። ችግሩ አሠሪን ማሳመን ላይ ነው። ውኃ የሚያልፍበት መንገድ ለባለሥልጣን የተበላሸ መንገድ ይመስለዋል። የምክር ሙያ ዋና ፈተናም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ለሚከፍልህ ሰው ሊሰማ የማይፈልገውን ነገር በአክብሮት፣ በቁጥርና በፎቶ ማስረዳት፣ ካልሆነም ፊርማን መከልከል።

ይህን ብቻውን የቆመ መሐንዲስ ሊሸከመው አይችልም። ጨረታ በዝቅተኛ ዋጋ ሲዳኝ አማካሪው መጀመሪያ የሚቀንሰው የመስክ ቀን ነው። ከ1913 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ ፊዲክ፣ አማካሪ በዋጋ ሳይሆን በብቃት ይመረጥ እያለ የሚወተውተው ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበርና የአማካሪዎቹ ማኅበር ሊይዙት የሚገባ ጉዳይ ነው፤ በጎርፍ ሜዳ ላይ የሚደረግ ማንኛውም ጥናት ቢያንስ አንድ ክረምት እንዲጨምር በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ። የውሉ ዘመን ሁለት በጀት ዓመት ቢነካም ይንካ። አንድ ክረምት መጠበቅ፣ መንገድ ቆርጦ እንደገና ከመሥራት በምንም መመዘኛ አይወደድም።

መሐንዲስ ያለ ክፍያ ሊሰጥ የሚችለውን የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሳስብ ደግሞ እዚሁ ደቡብ ጎንደር ያለው ሰባራ ድልድይ ትዝ ይለኛል። በጎጃምና በበጌምድር መካከል ዓባይ ላይ የተሠራው ያ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሰበረ በኋላ ሰው በገመድ እየተጎተተ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ የዚህን ፎቶ መጽሔት ላይ አይቶ መጣ፤ በዓመቱ ክፍተቱ በብረት ተገጠመ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ዓባይ ሞልቶ ብረቱን ወሰደው። ሰዎቹ ተስፋ አልቆረጡም፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተዘረጋ። እኔ የማከብረው ሁለተኛውን መምጣት ነው። በጎ ፈቃድ የመጀመሪያውን ይሠራል፤ ሙላቱን አይቶ ተመልሶ መሥራት ግን ሙያ ነው።

ሙላቱን ለማየት ደግሞ ከእናንተ የሚቀርብ የለም፤ በባሕር ዳር፣ በአርባ ምንጭና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ምሕንድስና የምትማሩ የፎገራ፣ የደራና የሊቦ ልጆች ክረምቱን ወላጆቻችሁ ጋር ታሳልፋላችሁ። ያ ጊዜ ማናችንም አማካሪዎች በውል የማናገኘው ጊዜ ነው። ውኃው ከፍ ባለበት ቀን የትምህርት ቤቱ ወይም የጤና ኬላው ግድግዳ ላይ፣ ኃላፊዎቹን አስፈቅዳችሁ፣ ሙላቱ የደረሰበትን በቀለም አስምሩ፤ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት። ውኃው የሸሸበትንም ቀን መዝግቡ። አንዱን ቅጂ ለወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት፣ ሌላውን ለመምህራችሁ ስጡ። በሚቀጥለው ጥር ለጥናት የሚመጣው መሐንዲስ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን መዝገብ ነው።