ስብከቱ በዛ፣ ጆሮው አነሰ

ባለፈው ሰሞን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «ቡና ልጋብዝዎት» ብሎ ጠራኝ። ዛሬ ባለትዳር ነው፤ በደብሩም ሰንበት ትምህርት ቤት ይዘምራል። ስኒውን ሲያሽከረክር ቆየና፣ «መምህር፣ ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ የማየው ነገር አለ። ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ መተው አቃተኝ» አለኝ።

«ለንስሐ አባትህ ነገርካቸው?»

ሳቀ። «እርሳቸው እኮ ቤታችን እየመጡ ጠበል የሚረጩልን፣ ከባለቤቴ ጋር ቡና የሚጠጡ ናቸው። በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

እንቅልፍ የነሳችኝ ይቺ መልስ ናት።

የወሲብ ፊልም ነውር መሆኑን የሚነግረን አላጣንም። ቄሱም ፓስተሩም ያወግዛሉ፤ ደግ አደረጉ። ካወገዙ በኋላስ? ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል፤ ሌሊት ብቻውን ያፍራል፤ እፍረቱን ለመርሳት መልሶ ስልኩን ይከፍታል። በጸሎት ኅብረቱም «ፈተና አለብኝ፣ ጸልዩልኝ» ይላል፤ ምን ዓይነት ፈተና ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ መደበቂያውን የምንሠራለት ግን እኛው ነን።

አሜሪካኖቹ በማሽን ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2000 የተቋቋመው ኮቨናንት አይስ፣ ስሙን ከኢዮብ ምዕራፍ 31 ወስዶ፣ አማኙ በስልኩ ያየውን ለመረጠው ወዳጅ የሚያሳውቅ ፕሮግራም ይሸጣል። ክፉ አይደለም። ግን ሪፖርት የሚደርሰው ሰው ሁሉ ሸክም ያግዛል ማለት አይደለም።

እኛ ዘንድ የቆየ ነገር አለ። ሰኔ 24 የምናስበው ሙሴ ጸሊም ከሽፍትነት ወደ ምንኩስና የመጣ ነው። በአስቄጥስ በረሃ የዝሙት ፈተና ሲጸናበት ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ ነገራቸው። እርሳቸውም «አንተ ደግሞ መነኩሴ ነህ?» አላሉትም። ጣሪያ ላይ ይዘውት ወጡና በምዕራብ የሚዋጉትን አጋንንት፣ በምሥራቅ ደግሞ የሚያግዙትን መላእክት አሳዩት፤ የሚረዱት እንደሚበዙም ነገሩት። ሙሴ በርትቶ ወደ በአቱ ተመለሰ።

ሐኪሞቹም የሚሉት አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ፣ ከቁጥጥር የወጣ የወሲብ ጠባይ ሕመም ተብሎ ሰፍሯል። «ነውር ሠራሁ» ከሚል ጭንቀት ብቻ የመጣ ሥቃይ ግን ለዚህ እንደማይበቃ መዝገቡ ያስጠነቅቃል። እንግዲህ ካህኑ ቀኖና ሰጥቶ ከመሸኘቱ በፊት ይስማ፤ ይህ ሰው የተሰናከለ ነው ወይስ ትዳሩና ሥራው እየፈረሰ ነው? ለሁለተኛው ከጾሙና ከስግደቱ ጋር ሐኪምም ይጨመርለት።

ተማሪዬን «ካህን ቀይር» አላልኩትም። «ቡናውን የሚጠጡት እኮ ቤትህ እንዲቆም ነው» አልኩት።

ሳምንት ቆይቶ ደወለ። ነግሯቸዋል።

«ምን አሉህ?»

«ብዙ አላወሩም። ‹ማታ ማታ ሳትተኛ ደውልልኝ› አሉኝ።»

እኒህን አባት ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። ዐውደ ምሕረት ላይ ለሚጮሁት ግን ቢያስተምሩልኝ ደስ ይለኛል።