ፈረስ ያለ ፈረሰኛ፤ በዳንግላ አገር ስለ ታላላቅ የእንስሳት ቅርጽና ስለ ተማሪዎች የኅብረት ሥራ

አንድን እንስሳ ከተፈጥሮ ቁመቱ አልቆ ከድንጋይ፣ ከብረት ወይም ከጭቃ ማቆም በኢትዮጵያ ጥንታዊ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን ክሩ ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ጥበብ ነው። በአክሱም አጠገብ በጎቤድራ አለት ላይ የተቀረጸችው አንበሳ ከሦስት ሜትር የሚበልጥ ርዝመት ያላት ስትሆን፣ ከአለቱ አልተለየችም፤ ጐኗ ብቻ ይታያል። በላሊበላም በቤተ ማርያም መግቢያ ላይ ያሉት ፈረሰኞች እንደዚሁ ከግንቡ ጋራ የተጣበቁ ናቸው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕልን አክብራ ስትይዝ፣ ዙሪያውን የሚታየውን ምስል ግን የጣዖት ጥርጣሬ ስለ ነበረበት አልወደደችውም። ስለዚህ የደብር ሠዓሊ ከአባቶቹ የወረሰው ፈረስ ጐን እንጂ ደረትና ዳሌ የለውም። የቅዱስ ጊዮርጊስ አምባላይ ፈረስ በስንት መቶ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ሲሮጥ ይታያል፤ ከፊት ለፊት የታየበት ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ይህ ነገር መነሣት ያለበት ስለ ተማሪዎች ሥራ ሲነገር ነው። ቅርጻ ቅርጽ የሚማሩ ወጣቶች በኅብረት ሆነው አንድ ትልቅ እንስሳ እንዲያበጁ ማድረግ በብዙ አገር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች የተለመደ ልምምድ ነው። በኢትዮጵያም አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቅርጻ ቅርጽን ከሥዕል ጋራ ሲያስተምር ኖሯል። እንዲህ ያለው ሥራ በዳንግላ ይሠራ ቢባል የትኛው እንስሳ ይመረጥ ብሎ መጠየቅ ለአገሩ ሰው የሚያስቅ ነው። መልሱ ፈረስ ነው። ከባድ የሚሆነው ጥያቄ፣ የማን ፈረስ? የሚለው ነው።

ተማሪው ምሳሌ ፍለጋ ወደ ዋና ከተማው ቢመለከት የሚያገኘው የንጉሥ ፈረስ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ. ም. በዘውድ በዓል ዋዜማ ሲመረቅ፣ ፈረሱ ሁለት የፊት እግሮቹን አንሥቶ በኋላ እግሮቹ እንዲቆም ሆኖ ተሠራ። የብረት ሥራው ጥበብ የሚያስደንቅ ነው፤ የፈረሱ ቁመና ግን ከአውሮፓ አደባባዮች የመጣ ቁመና ነው። ፈረሱ የሚያገለግለው ለጌታው ክብር ነው። ይህን ማለት ሐውልቱን ማቃለል አይደለም። ኢጣልያኖች በወረራው ጊዜ ከስፍራው ነቅለው መሰወራቸው፣ ከድልም በኋላ ተመልሶ መቆሙ፣ ሐውልቱ ለሕዝቡ ምን ያህል ትርጉም እንደ ነበረው ያስረዳል። ነገር ግን ፈረሱ ከፈረሰኛው ዕጣ የማይለይ መሆኑ በዚሁ ታወቀ። በሐረር የነበረው፣ አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት የራስ መኰንን ሐውልት በሰኔ ወር 2012 ዓ. ም. በሁከቱ ጊዜ ሲፈርስ፣ ቁጣው በፈረሰኛው ላይ ሆኖ ሳለ ፈረሱም አብሮ ወደቀ። በቅርጽ ረገድ የተጐዳው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም።

ፈረሰኛ የሌላቸው ሁለት አንበሶች በአዲስ አበባ አሉ፤ እነርሱን ማነጻጸር ለተማሪ ይጠቅማል። በባቡር ጣቢያው ፊት የቆመው የፈረንሳዊው የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ነው፤ በ1923 ዓ. ም. ገደማ ቆመ፣ ወራሪው ወደ ሮማ ወሰደው፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመለሰ። ጋርዴ ጡንቻውንና ጋማውን እየተከተለ እንስሳውን እንደ ተፈጥሮው አድርጎታል። ሁለተኛው በብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው፣ ሞሪስ ካልካ በ1948 ዓ. ም. ለዘውዱ 25ኛ ዓመት ያቆመው የድንጋይ አንበሳ ነው። ካልካ ጋማውን ጠጉር በጠጉር አልቈጠረም፤ ድንጋዩን በገጽና በማዕዘን ቈራርጦ፣ አንበሳው ግንብ መስሎ እንዲቆም አደረገ። የመጀመሪያውን ያየ ሰው አንበሳውን ያደንቃል። ሁለተኛውን ያየ ደግሞ ድንጋዩንም ያያል። ለጀማሪዎች ኅብረት የሚበጀው የካልካ መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ሃያ ሰው ተባብሮ ትልልቅ ገጾችን ሊያቆም ይችላል እንጂ አንድን ጡንቻ ሊስማማበት አይችልም።

አሁን ወደ አገው ምድር መመለስ ይገባል። በአዊ ፈረስ የመኳንንት ብቻ አልነበረም፤ ዛሬም አይደለም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ. ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ አባላቱ ገበሬዎች ናቸው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሲሰበሰቡ የዓድዋን ድልና የቅዱስ ጊዮርጊስን ስም አንድ ላይ ያነሣሉ። ነገር ግን ከበዓሉ ይልቅ ለቀራፂ የሚጠቅመው የበዓሉ ማግስት ነው። በሌላው የኢትዮጵያ ደጋ በሬ የሚጠመድበትን ቀንበር በዚህ አገር ፈረስ ይሸከማል፤ እርሻ ያርሳል። ትናንት በግላስና በዘርፍ አጊጦ ሽምጥ የጋለበው ፈረስ ነገ አንገቱን ደፍቶ ሞፈር ይስባል። በከተማው አደባባይ ካለው ፈረስ ጋራ ሲተያይ ይህ ሌላ ፍጥረት ነው፤ አንገቱ ሌላ፣ ትከሻው ሌላ፣ የእግሩ አጣጣል ሌላ ነው። ቀድሞ የአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አሉላ አባ ነጋ ተባሉ። ፈረሱ ስሙን ለጌታው ሰጥቶ እርሱ ሳይታወስ ቀረ። በጐንደር ከፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችው ክብ ሕንፃ የዞብል የተባለ ፈረስ መቃብር ናት ይባላል፤ እዚያም ቢሆን ጉልላት እንጂ የፈረስ መልክ የለም። ተማሪዎች ያለ ፈረሰኛ የቆመ፣ ከዕለት ሥራው የተወሰደ ፈረስ ቢያበጁ፣ በአገሪቱ ቅርጻ ቅርጽ የጐደለውን ስፍራ ይሞላሉ።

ስለ አቋሙም አማርኛው ራሱ አስተማሪ ነው። ፈረስ ሶምሶማ ይሄዳል፤ ደንገላሳ ይላል፤ ሽምጥ ይጋልባል። እነዚህ ሦስቱ የፍጥነት ደረጃ ብቻ አይደሉም፤ ሦስት ልዩ ልዩ የአካል ቅርጾች ናቸው። ሶምሶማ ላይ ሰያፍ የሆኑ ሁለት እግሮች በአንድ ጊዜ መሬት ይነካሉ፤ ሽምጥ ላይ ግን አራቱም መሬት የሚለቁበት ቅጽበት አለ፤ እርሱን በጭቃ ማቆም አይቻልም። በሞፈር ላይ ያለ ፈረስ ሦስት እግሮቹን ተክሎ አንዱን ያነሣል፤ ክብደቱም ወደ ፊት ያዘነብላል። ይህ አቋም ለትልቅ ቅርጽ የተፈጠረ ይመስላል።

የትልቅነት ነገር በተማሪዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ በስህተት ይታሰባል። የኢትዮጵያ ፈረስ ትንሽ ነው፤ እስከ ትከሻው ድረስ ቢለካ ወደ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። ይህን እጥፍ አድርጎ 2 ሜትር ከ60 ማቆም ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው ሁሉ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ የእግሩ ውፍረት በቈረጣ ሲለካ የሚያድገው አራት እጥፍ ብቻ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ እግር በመጠኑ ከቀድሞው ሁለት እጥፍ ሸክም ይሸከማል ማለት ነው። በየከተማው አደባባይ በሲሚንቶ ተሠርተው በዘይት ቀለም የተለቀለቁት እንስሳት እግራቸው የዝሆን እግር የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሠሪዎቹ ጭንቀታቸውን በሲሚንቶ ሸፈኑት። ቀለሙም ስንጥቁን ለአንድ ክረምት ይደብቃል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ያጋልጠዋል።

በአዊ ለዚህ የሚሆን መልስ በደጅ አለ። የእንጅባራ ደጋ ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሆኖ ቀላልና ጽኑ ነው፤ የአገሩም እጅ ሠንጥቆ መጐንጐንን ያውቃል። የገበሬው ጎተራ ደግሞ እንደ ቅርጫት ተጠልፎ በጭቃና በእበት የሚለሰን፣ ሆዱ ሰፍቶ አንገቱ የሚጠብ፣ ክብደት የሚችል ዕቃ ነው። የፈረስ ሆድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አራቱ እግሮች በመሬት ውስጥ የተቀበሩ የቀርከሃ እስር ቢሆኑ፣ ሆዱና ደረቱ በጎተራ ስልት ቢጠለፉ፣ በላዩም በጭድ የቦካ ጭቃ በስሱ እየተመረገ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ባይጨመርበት፣ ውስጡ ባዶ ስለሚሆን የስምንት እጥፉ ሸክም ከግማሽ በላይ ይቀላል። ጭቃው የሚሰነጠቀው ወፍሮ ሲመረግና ሳይቦካ ሲቀር ነው፤ ይህን የሚያውቁት ቤት ሲመርጉ የኖሩ ሴቶች ናቸው፤ ተማሪዎቹም ቢጠይቋቸው አያፍሩም። ቀርከሃውም በወቅቱ ያልተቈረጠ እንደ ሆነ ነቀዝ ይገባበታል። ሥራው ከጥቅምት በኋላ ተጀምሮ ለጥር ቢደርስ ዝናብ አይነካውም።

ከዚህም የሚቀርብ ሌላ መምህር አለ፤ እርሱም እረኛው ነው። በደጋው የሚያድጉ ልጆች ከወንዝ ዳር ጭቃ በሬና ፈረስ እየሠሩ ይጫወታሉ። የእረኛ በሬ እግሩ አጭርና ወፍራም፣ ሻኛው ትልቅ፣ ቀንዱ ከልክ በላይ ሰፊ ነው። ይህ አለማወቅ አይደለም፤ ጭቃ የሚችለውን አውቆ በሬን በሬ የሚያሰኘውን ማጉላት ነው። በትምህርት ቤት ግን ይህ ጨዋታ እንደ ሕፃን ነገር ተቈጥሮ ይተዋል፤ ተማሪውም ከፎቶግራፍ ላይ የባዕድ ፈረስ እየቀዳ የራሱን እጅ ይረሳል። በትምህርታችን ውስጥ ካሉት ጥፋቶች ይህ ትንሹ አይደለም።

የኅብረቱ ጉዳይ ግን ከሁሉ ይከብዳል። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ተማሪዎችን በክፍል ከፍሎ፣ ለአንዱ ጭንቅላቱን፣ ለሌላው ዳሌውን መስጠት ነው። ውጤቱም የሦስት ፈረስ ቍራጭ አንድ ላይ የተሰፋ መሆኑ አያጠራጥርም። የአገሩ ደቦ እንዲህ አይሠራም። በደቦ ሁሉም አንድ ማሳ ላይ ተሰልፎ አብሮ ይገፋል፤ ማሳውን የሚያውቀው የደቦው ባለቤት ግን አንድ ነው። ለቅርጹም እንዲሁ መጀመሪያ ሁሉም የተስማሙበት ትንሽ ምሳሌ፣ ለምሳሌ 26 ሳንቲም ቁመት ያለው፣ በአንድ እጅ ይሠራ፤ ከዚያም በገመድና በቱንቢ እየተለካ በአሥር እጥፍ ይተላለፍ። በምሳሌው ላይ ያለ የአንድ ሳንቲም ስህተት በትልቁ ላይ የአሥር ሳንቲም ስህተት ስለሚሆን፣ ክርክሩ ሁሉ በትንሹ ላይ ማለቅ አለበት። የምሳሌው ሠሪ ማን እንደሚሆን መምረጥ የመምህሩ ፋንታ ሳይሆን የተማሪዎቹ ቢሆን ይሻላል፤ ያልመረጡትን ሰው ምሳሌ አሥር እጥፍ ለማሳደግ ትዕግሥት አይኖራቸውም።

ጭቃ ያልፋል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በሚላኖ የሠራው ታላቅ የሸክላ ፈረስ በነሐስ ሊፈስ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ነሐሱ እ. ኤ. አ. በ1494 ለመድፍ ዋለ፤ ሸክላውንም እ. ኤ. አ. በ1499 ከተማይቱን የያዙት የፈረንሳይ ቀስተኞች ዒላማ አድርገው አፈረሱት። (ነሐስን ወደ መድፍ መለወጥ በኢትዮጵያም የታወቀ ነገር ነው፤ የጋፋቱ ሴባስቶፖል ምስክር ነው።) ሊዮናርዶን የጐዳው አንዱን ቅርጽ ለዘለዓለም ማሰቡ ነው። የዳንግላ ተማሪ ግን ቤቱ በየጊዜው እየተመረገ የሚኖር ሰው ልጅ ነው። ፈረሱ በየዓመቱ ከጥር 23 በፊት እንደገና ቢመረግ፣ ጐድሎ የታየው እግር ቢታረም፣ አዲስ የገባው ተማሪ የቀድሞውን ሥራ በእጁ ይማራል። በሲሚንቶ የቆመ ስህተት ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል።

ጌጡን በተመለከተ፣ ኮርቻና ግላስ ይጫን ወይስ ይቅር የሚለው ክርክር ገና ሳይጀመር መቈረጥ ይኖርበታል፤ ኮርቻ የጫነ ፈረስ ፈረሰኛውን ይጠራዋልና። ቀንበር ቢሆን ግን ያስፈልጋል፤ የትከሻው ግፊት ያለ ቀንበር አይነበብም። ልጓሙ በገመድ እንጂ በጭቃ አይሠራ። የሚቀረው ጆሮ ነው። የደብር ሠዓሊ ፈረስ ጆሮ ሁልጊዜ የቆመ ነው፤ የሚያርስ ፈረስ ግን አንዱን ጆሮ ወደ ኋላ፣ ድምፅ ወደሚሰጠው ገበሬ ያዞራል፤ ሁለተኛው ወደ ፊት ይቀራል። ከሩቅ የሚያይ ሰው ይህን ልብ ላይል ይችላል፤ ከእርሻ ተመልሶ በደጁ የሚያልፍ የአገው ገበሬ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እርሱን ነው።