ጥላቻ ስም አይጠይቅም፦ የእስያ አሜሪካውያን ንቅናቄ ከወሎ ሲታይ

እ.ኤ.አ. በጁን 1982 ዲትሮይት ከተማ አጠገብ ቪንሰንት ቺን የተባለ የ27 ዓመት ወጣት በቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ ከቀናት በኋላ ሞተ። ጊዜው የጃፓን መኪኖች የአሜሪካን ገበያ ያጥለቀለቁበት፣ የዲትሮይት ሠራተኛም በገፍ ከሥራ የተሰናበተበት ነበር። ገዳዮቹ በመኪናው ኢንዱስትሪ ያለፉ ሁለት ነጮች ናቸው። ቺን ግን የቻይና እንጂ የጃፓን ዘር አልነበረም። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1988፣ በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ ለትምህርት የሄደው ኢትዮጵያዊ ሙሉጌታ ሥራው የነጭ የበላይነት አቀንቃኝ በሆኑ ሦስት ወጣቶች እጅ ወደቀ። እሱም የሞተው በቤዝቦል ዱላ ተመትቶ ነው።

በሁለቱም ግድያዎች ገዳይ ሟቹ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን ቋንቋ እንደሚናገር አልጠየቀም። መልኩ ብቻ በቂው ነበር። የዚህ ዳሰሳ ክርክር ከዚህ ይነሣል፦ ጥላቻ በጅምላ ስለሚፈርጅ ተጠቂው ለየብቻው ቆሞ አይተርፍም። ይሁን እንጂ አብሮ መጠቃት ብቻውን አብሮ መቆምን አይወልድም። አብሮ ለመቆም መዝገብ ያስፈልጋል፣ ሕግ ያስፈልጋል፣ በራስ ደጅ ያለውን ባዕድ መጠበቅም ያስፈልጋል። ይህን ለማሳየት የእስያ አሜሪካውያንን ታሪክ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከዙሪያው የስደት ታሪክ ጋር አስተያያለሁ።

የየብቻው ጋሻ

የእስያ ሰዎች አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ዘመን በየፊናቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1882 የወጣው ሕግ የቻይና ሠራተኞች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ሲያግድ፣ ሌላው የእስያ ስደተኛ ጣጣውን የቻይናዎች ብቻ አድርጎ ሊያየው ይችል ነበር። በ1941 ጃፓን ፐርል ሐርበርን ስትደበድብ ነገሩ ተገለበጠ። አንዳንድ ቻይናውያን ጃፓናዊ አለመሆናቸውን የሚገልጽ ምልክት ደረታቸው ላይ እያደረጉ መውጣት ጀመሩ። በተከታዩ ዓመት ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹ በዜግነት አሜሪካውያን ሆነው ሳለ፣ ወደ ማጎሪያ ካምፖች ተጋዙ። ያ የደረት ምልክት በዚያ ሰሞን አንዱን ከዱላ አድኖት ይሆናል። ከአርባ ዓመት በኋላ ግን ቻይናዊው ቺን በጃፓን ሒሳብ ተገደለ።

እ.ኤ.አ. በ1968 ዩጂ ኢቺዮካና ኤማ ጊ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ቻይናውን፣ ጃፓኑንና ፊሊፒኖውን በአንድ ያሰባሰበ የእስያ አሜሪካውያን የፖለቲካ ማኅበር መሠረቱ። ሐሳቡ ከተማሪ ግቢ አልፎ የብዙኃን ጉዳይ እንዲሆን ያደረገው ግን የቺን ሞት ነው። የግዛቱ ፍርድ ቤት በገዳዮቹ ላይ የወሰነው የሦስት ዓመት ገደብና የ3,000 ዶላር መቀጮ ነበር። የሟች እናት ሊሊ ቺን ኀዘናቸውን ይዘው አደባባይ ወጡ፤ በ1983 ለፍትሕ የሚታገል የዜጎች ማኅበር ተቋቋመ። በኋላ የተከፈተው የፌዴራል ክስ በመጨረሻ ገዳዮቹን በነፃ ቢያሰናብትም፣ የእስያ ዝርያ ያላቸው ሰዎች በዜግነት መብት ሕግ ጥላ ሥር ሊጠበቁ እንደሚገባ በይፋ ያስጠየቀ ክስ ሆነ።

የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ይህ ልምድ ፍሬ አፈራ። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በእስያውያን ላይ የሚደርሰውን ጥላቻ የሚታገል ስቶፕ ኤኤፒአይ ሄት የተሰኘ ጥምረት ተቋቁሞ ስድቡን፣ ምራቁንና ዱላውን ከተጠቂዎች አንደበት መመዝገብ ጀመረ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ11,000 በላይ ጥቆማዎች ደረሱት። በማርች 2021 በአትላንታና አካባቢዋ ስምንት ሰዎች ሲገደሉ፣ ስድስቱ የእስያ ዝርያ ያላቸው ሴቶች ነበሩ። በሜይ ወር የወረርሽኙን ዘመን የጥላቻ ወንጀል የሚመለከት ሕግ ወጣ። ሕጉ ሲወጣ መረጃው ተሰብስቦ ይጠብቀው ነበር።

ንቅናቄው ያልፈታው ችግርም አለ። እስያዊ አሜሪካዊ ጎበዝ ተማሪ፣ ታታሪና ዝምተኛ ነው የሚለው ምስጋና ድሃውን የካምቦዲያ ወይም የላኦስ ስደተኛ ከዓይን ይሰውራል፤ ጥቁሩን አሜሪካዊ ለመውቀሻም ያገለግላል። በስኬት መከበርን መፈለግ የድሮው የደረት ምልክት ሌላ መልክ ነው። ይህ ትችት ለእኛም ይሠራል። በውጭ አገር ያለን ኢትዮጵያውያን ቅኝ አለመገዛታችንንና ጥንታዊነታችንን ጠቅሰን ከሌላው ጥቁር ራሳችንን ለይተን እንደ ከለላ ለመጠቀም ሞክረናል። የአድዋ ልጅ መሆን ግን ሙሉጌታን ፖርትላንድ ላይ አላዳነውም።

ከባቲ ማዶ

ከደሴ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግር ወደ ሳዑዲ ድንበር፦ ይህን መንገድ በደቡብ ወሎ ሄደው የማያውቁትም ያውቁታል። በሬ ተሽጦ፣ መሬት ተከራይቶ፣ ከዘመድ ተበድሮ ለደላላ ይከፈላል። የደረሰ ይልካል፤ በተላከውም ቤት ቆርቆሮ ይለብሳል። ያልደረሰ ስልኩ ይዘጋል፤ እናት ቁርጡን ሳታውቅ በለቅሶና በተስፋ መካከል ትቀራለች።

ከዚህ አካባቢ የሚሄደው ወጣት አብዛኛው ሙስሊም ነው። ወደ መካ አገር ሲሄድ የሃይማኖት ወንድማማችነት ከለላ ይሆነኛል ብሎ ያምናል። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር 2006 ዓ.ም. የሆነው ይህን እምነት ፈተነው። ሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ለማስወጣት ዘመቻ ስትጀምር፣ በሪያድ መንፉሃ ሰፈር ኢትዮጵያውያን በፖሊስም በሰፈር ጎረምሳም ተደበደቡ፤ የሞቱም አሉ። በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ወደ አገሩ ተመለሰ። ዋሽንግተንን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ኢትዮጵያውያን ሰልፍ ወጡ፤ አዲስ አበባ ሳዑዲ ኤምባሲ ደጃፍ ለመሰለፍ የሞከሩትን ግን ፖሊስ በተናቸው።

ከዚያ የከፋው በኋላ መጣ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በየመን ጠረፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን እንደገደሉ ገልጿል፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። ከተረፉት መካከል ጠባቂዎቹ ከመተኮሳቸው በፊት በየትኛው አካልህ እንምታህ ብለው እንዳስመረጧቸው የተናገሩ አሉ። ስሙን፣ ቀዬውን፣ ሃይማኖቱን ያልጠየቀ ሰው እጅ ወይስ እግር የሚለውን ብቻ ጠየቀ።

ወቅቱን ልብ እንበል። በእነዚያው ወራት አገር ቤት ውስጥ በብሔር ተቧድነን እንጋደል ነበር። ከኦሮሞ አካባቢዎች የሄዱት፣ የትግራይ ተወላጆችና ሌሎችም ጠረፉ ላይ ለተኳሹ አንድ ነበሩ። እስያ አሜሪካውያን ይህን ዓይነት እውነት የአንድነታቸው መሠረት አደረጉት፤ እኛ ግን ለቅሶውን እንኳ በየብሔራችን ተካፈልነው።

ሌላው ልዩነት ሕግ ነው። የሙሉጌታ ቤተሰብ ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር ከተባለው የመብት ተሟጋች ድርጅት ጋር ሆኖ ገዳዮቹን ያነሣሣውን ቶም ሜትዝገርንና ድርጅቱን ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የፖርትላንድ የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረዱ። በሳዑዲና በጎረቤቶቿ በኖረው፣ አሠሪው ለስደተኛው ዋስ በሚሆንበት የከፋላ ሥርዓት ውስጥ ግን የሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪው እጅ ነው። አሠሪውን ጥሎ የወጣ ሕገ ወጥ ይሆናል፤ ሕገ ወጥ የሆነ ደግሞ ፍርድ ቤት ደጃፍ አይደርስም። ክስ የማይቻልበት ቦታ ላይ የሚቀረው መሣሪያ ምስክርነት ነው፤ የወሎ ምስክርነት ግን ዛሬም በለቅሶ ቤትና በቡና ላይ ተነግሮ የሚቀር ነው።

ባዕዱ ኮምቦልቻ ሲመጣ

የተጠቂነት ታሪክ በራሱ ደግ አያደርግም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገለጽ ሰውየው ጃፓናዊ መሆኑ አብሮ ተነገረ። በዚያው ሳምንት የአሜሪካ ኤምባሲ የውጭ ዜጎች በድንጋይ መመታታቸውን፣ ምራቅ እንደተተፋባቸውና ታክሲ እንደተከለከሉ ጠቅሶ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ወሩ ሳይሞላ ቻይና ጓንግዡ ውስጥ አፍሪካውያን ከተከራዩበት ቤትና ከሆቴል ተባረሩ። አዲስ አበባ ላይ የውጭ ዜጋውን፣ ጓንግዡ ላይ ጥቁሩን ያስጠቃው ያው በመልክ መፈረጅ ነው።

ጉዳዩ ለኮምቦልቻ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ የገነባው የቻይና ኩባንያ ነው፤ የአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያን የባቡር መስመር የገነባው ደግሞ የቱርክ ኩባንያ። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥራ ደኅንነት፣ ስለ አሠሪ በደል መሟገት የሠራተኛው ሙሉ መብት ነው። ክርክሩ ግን በአሠሪው ሥራ ላይ መቆም አለበት። በዓይኑ ቅርጽ ከጀመረ የዲትሮይት መንገድ ነው።

ለዚህ የሚሆን ትምህርት ወሎ ከውጭ መበደር የለበትም። ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ሙስሊሙ እንዲጠመቅ ባዘዙ ጊዜ፣ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው በኋላ ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ፤ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ግን እምቢ ብለው ተቃውሞ መሩ። በዐዋጅ የተጫነ ማንነት ምን ያህል ደም እንደሚያስከፍል ይህ ሕዝብ ያውቃል። ከዚያ በኋላም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቤት ተዋልደው ኖረዋል፤ በቃሉና በወረባቦ የአበጋር ሽማግሌዎች የሁለቱንም እምነት ሰው ዳኝተው አስታርቀዋል። አረብ ገንዳ የሚባል ሰፈር ያላት ደሴም ከባሕር ማዶ ሰው ጋር መኖር ዛሬ አልጀመረችም።

ይህ ቅርስ ግን በአዲስ ፈተና ላይ ነው። ከወለጋ በማንነታቸው ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች በደቡብ ወሎ መጠለያዎች ኖረዋል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር፣ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው ሳለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የትግራይ ተወላጆች በማንነታቸው ተይዘው ስለ መታሰራቸው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ስጋቱን ገልጿል። የመጀመሪያውን አውግዞ ሁለተኛውን ያለፈ፣ ወይም ሁለተኛውን ይዞ የመጀመሪያውን የዘነጋ፣ ስለ መንፉሃ ሲናገር ቃሉ ክብደት ያጣል።

ስለዚህ የምጠይቀው የተወሰነ ነገር ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከስደት ተመላሾችና ልጆቻቸው ከጠፉባቸው ወላጆች ምስክርነት በፈቃዳቸው የሚሰበስብ፣ ስማቸውን የሚጠብቅ ቋሚ መዝገብ ይክፈት። የሕግ ትምህርት ክፍሉ መረጃውን ለክስና ለድርድር በሚሆን መልክ ያደራጀው። በዚያው መዝገብ በአካባቢው በውጭ ዜጋም ሆነ በተፈናቃይ ላይ በማንነቱ የደረሰ ጥቃት ይካተት። የቺን ጉዳይ ሳይዘነጋ የቀረው የተደራጁ ሰዎች መዝግበው ስለያዙት ነው። የእኛም ሙታን ይህ ይገባቸዋል፤ ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ ሥራው ይጀመር።